ንቧ አምና ምንም አላደረገችውም፤ ዘንድሮ ለምን?

ጥቅምት ነው እንበል። ክረምቱ አልፏል፣ ሜዳው ገና አበባ አለው፣ ክፍላችሁ ከከተማ ወጣ ብሎ ሽርሽር ላይ ነው። አንድ ጓደኛችሁ በድንገት እጁን ያራግፋል። ንብ ነድፋዋለች። «ምንም አይደለም፣ አምናም ነድፋኛለች» ይላል እየሳቀ። እውነቱን ነው፤ አምና እጁ ትንሽ አብጦ በማግስቱ ለቆት ነበር።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን መዳፉን ማከክ ይጀምራል። አንገቱ ላይ እብጥ እብጥ ያሉ ሽፍታዎች ይወጣሉ። ጉሮሮውን ደጋግሞ ይጠርጋል፤ ድምፁም ጎርነን ብሏል። «ደከመኝ» ይላል። አንዱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ» ይላል። ሌላው «ወተት አጠጡት፣ መርዙን ያረክሰዋል» ይላል። ሦስተኛዋ «ተነስቶ ንፋስ ይቀበል» ትላለች። ሁሉም የሚናገሩት በቅንነት ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ መልሱን ሳትደናገጡ የምትሰጡ እንድትሆኑ እንፈልጋለን። ምክንያቱም ጊዜው በጣም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት በከባድ አለርጂ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። መንስኤው ምግብ ሲሆን ትንፋሽ ወይም ልብ እስኪቆም ያለፈው ጊዜ መካከለኛው 30 ደቂቃ ነበር። የንብና የተርብ ንድፊያ ሲሆን 15 ደቂቃ፣ በሕክምና የተሰጠ መድኃኒት ሲሆን ደግሞ 5 ደቂቃ ብቻ። አያችሁ? አምቡላንስ መጥቶ እስኪደርስ የሚሆነው ሁሉ የሚወሰነው አጠገቡ ባለው ሰው ነው። ያ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ኔፕቱን የሚባለው ውሻ

ይህ ዓይነቱ ከባድ የአለርጂ ጥቃት አናፊላክሲስ ይባላል። ቃሉ የተወለደበት ታሪክ የጓደኛችሁን እንቆቅልሽ፣ ማለትም «አምና ደህና ነበር፣ ዘንድሮ ለምን?» የሚለውን፣ ይፈታልናል።

እ.ኤ.አ. በ1901 ሁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች፣ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ፣ በሞናኮው ልዑል አልበርት ቀዳማዊ መርከብ ላይ በባሕር ጉዞ ላይ ነበሩ። የሚያጠኑት ሰውን በመርዘኛ ክሮቹ የሚያቃጥል፣ ፊሳሊያ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው። ወደ ፈረንሳይ ሲመለሱ ፊሳሊያ ስላላገኙ፣ ሙከራውን የባሕር አበባ በሚመስል ሌላ እንስሳ መርዝ ቀጠሉ። መርዙን በጣም ትንሽ ትንሽ አድርገው ውሾችን ይወጉ ነበር። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፤ ክትባት የሚሠራው እንደዚያ አይደል? ሰውነት ትንሽ ሲቀምስ ይለምደዋል፣ በኋላ ብዙ ቢመጣበትም ይቋቋመዋል።

ኔፕቱን የሚባለው ውሻ የመጀመሪያውን መርፌ ምንም ሳይሆን አሳለፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ መርዝ በትንሹ ሲወጉት ግን ትንፋሹ አጠረው፣ አስመለሰው፣ መቆም አቃተው፣ ከ25 ደቂቃ በኋላም ሞተ። የተወጋው መጠን ጤነኛ ውሻን የሚገድል አልነበረም። የመጀመሪያው መርፌ ሰውነቱን ከመጠበቅ ይልቅ ለጥቃት አጋልጦታል ማለት ነው። ሪሼና ፖርቲዬ በየካቲት 1902 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን ሲያሳውቁ «ፊላክሲስ»፣ ማለትም ጥበቃ፣ የሚለውን የግሪክ ቃል ገልብጠው «አናፊላክሲስ» አሉት፤ የጥበቃ ተቃራኒ እንደ ማለት። ሪሼ በዚህ ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ዘበኛው ሲሳሳት

እሺ፣ ሰውነት ውስጥ የሆነው ምንድነው? መልሱ የተገኘው ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ፣ ስዊድን ውስጥ ደግሞ ዮሃንሰንና ቤኒክ፣ ለየብቻቸው አንድ በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆነ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። ዛሬ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ፣ ባጭሩ አይጂኢ፣ እንለዋለን።

ሰውነታችሁን እንደ አንድ ሰፈር ቁጠሩት። በየበሩ፣ በቆዳ፣ በመተንፈሻ ቱቦ፣ በአንጀት፣ በደም ሥሮች ዙሪያ፣ ማስት ሴል የሚባሉ ዘበኞች ቆመዋል። እያንዳንዱ ዘበኛ ሂስታሚን የሚባልና ሌሎችም ኃይለኛ ኬሚካሎች የታጨቁባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ይዟል። ንቧ አምና ስትነድፍ የጓደኛችሁ መከላከያ ሥርዓት የንቧን መርዝ ፕሮቲን አደገኛ ሌባ ነው ብሎ በስህተት መዘገበው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ለዚያ ፕሮቲን ብቻ የሚሆን አይጂኢ ሠራና ለዘበኞቹ አደለ። አይጂኢው ማስት ሴሎቹ ላይ ተለጥፎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጓደኛችሁ ምንም አይሰማውም።

ዘንድሮ ያው ፕሮቲን ሲመጣ በአንድ ጊዜ ሁለት ጎን ለጎን የተለጠፉ አይጂኢዎችን ይይዛል። ለማስት ሴሉ ይህ የኡኡታ ምልክት ነው። ከረጢቶቹን በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይደፋቸዋል። አንዱ ዘበኛ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ዘበኞች ሁሉ አብረው ከጮኹ ደግሞ አናፊላክሲስ ይሆናል።

«ቆይ፣ ታዲያ ሁለተኛ የተነደፈ ሁሉ ሊሞት ነው?» ብላችሁ እንዳትፈሩ። አብዛኛው ሰው፣ ንብ አናቢዎችን ጨምሮ፣ ደጋግሞ ቢነደፍም ከማበጥና ከማቃጠል ያለፈ አይደርስበትም። የመጀመሪያው ግንኙነትም ሁልጊዜ አይታወቅም፤ አንድ ሕፃን ኦቾሎኒን ለመጀመሪያ ጊዜ የበላ መስሎን፣ ሰውነቱ ግን አስቀድሞ በቆዳው በኩል ተዋውቆት ሊሆን ይችላል።

ይህን ያህል አደገኛ ነገር ለምን ይዘን እንዞራለን? ብዙ ሳይንቲስቶች አይጂኢ የመጣው ከአንጀት ትላትልና ከመሳሰሉት ጥገኛ ተውሳኮች ጋር ለመዋጋት ነው ብለው ያስባሉ። ለዚህ ጥያቄ አገራችንም ድርሻ አላት። ጅማና አካባቢዋ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2001 ላንሴት በተባለው መጽሔት ታትመዋል። አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኝቷል፤ የመንጠቆ ትል የያዛቸው ሰዎች ላይ ደግሞ የሲርሲርታ ትንፋሽ ያነሰ ነበር። ይህ ማለት ግን ትል መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ትሉ ደም ይመጥጣል።

የታንከሩ ውሃና ቧንቧው

የተደፋው ሂስታሚንና ጓደኞቹ ሦስት ነገር ያደርጋሉ። አንደኛ፣ የደም ሥሮችን ያሰፋሉ። ሁለተኛ፣ የደም ሥሮች ግድግዳ እንዲያፈስ ያደርጋሉ፤ ፈሳሹ ወደ ሥጋው ይወጣል፣ ከንፈርና ጉሮሮ ያብጣል። ሦስተኛ፣ የሳንባ ቱቦዎችን ጡንቻ ያኮማትራሉ።

የውሃ ታንከር ያለው ፎቅ ቤት አስቡ። የታንከሩ ውሃ በግማሽ ቢቀንስና ቧንቧው በሙሉ ደግሞ በእጥፍ ቢሰፋ፣ ላይኛው ፎቅ ውሃ ይደርሰዋል? አይደርሰውም፤ ግፊት የለማ! በከባድ አናፊላክሲስ በ10 ደቂቃ ውስጥ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ የደም ሥር ውስጥ ፈሳሽ ከሥሮቹ ወጥቶ ሊያልቅ ይችላል። ላይኛው ፎቅ አንጎል ነው። ሰውየው ያዞረዋል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ይወድቃል። ልብም ራሱ የሚረጨው ደም ያጣል።

ይህን ከገባችሁ አንድ ትልቅ ነገር ገባችሁ፦ በአናፊላክሲስ ላይ ያለን ሰው ድንገት ማቆም፣ ማስኬድ፣ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ሊገድለው ይችላል። እግሩ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ደም ወደ ልብ ሳትመለስ ትቀራለች። «ተነስቶ ንፋስ ይቀበል» ያለችው ልጅ፣ ሳታውቀው፣ ከሦስቱ ምክሮች አደገኛውን ሰጥታለች።

እንዴት እንለየዋለን?

ንድፊያው ያለበት ቦታ ብቻ ቢያብጥ፣ እጅ እስከ ክርን እንኳ ቢነፋ፣ ያማል እንጂ አናፊላክሲስ አይደለም። አናፊላክሲስ የምንጠረጥረው ምልክቱ ከተነካው ቦታ ርቆ ሲሄድና ከአንድ በላይ የሰውነት ክፍል ሲይዝ ነው፤ በተለይ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በድንገት ከመጣ። እነዚህን ፈልጉ፦

ቆዳና አፍ፦ ሰውነት ላይ የተበተነ ሽፍታ፣ ማሳከክ፣ የከንፈር፣ የምላስ ወይም የዓይን ቆብ እብጠት።

ትንፋሽ፦ ማጠር፣ ሲርሲርታ፣ የማያቋርጥ ሳል፣ የድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ ማቃት።

ደም ዝውውር፦ ማዞር፣ መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን መሳት። ሕፃን ከሆነ ድንገት መልፈስፈስ።

ሆድ፦ ከባድ ቁርጠት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ።

የቆዳው ምልክት ከሌሎቹ ከአንዱ ጋር ከተገናኘ አናፊላክሲስ ነው ብላችሁ ተንቀሳቀሱ። ሰውየው አለርጂ እንዳለበት የሚታወቅ ከሆነና ያንን ነገር ከነካ ወይም ከበላ በኋላ ትንፋሹ ካጠረው ወይም ከወደቀ ደግሞ፣ ሽፍታ ባይኖርም እንኳ አትጠብቁ። ከ10 ሰዎች በ1 ወይም በ2ቱ ላይ የቆዳ ምልክት አይታይም።

መጻሕፍት «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ዳብሱ፤ እብጥ እብጥ ያለው ነገር በመዳፍ ይታወቃል። ከንፈሩንና የዓይኑን ዙሪያ ተመልከቱ፣ «የት ያሳክክሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰዎች ደግሞ ገና በመጀመሪያው «የሆነ መጥፎ ነገር ሊደርስብኝ ነው» የሚል ፍርሃት ይሰማቸዋል። አታጣጥሉት።

ምን እናድርግ?

አናፊላክሲስን የሚያቆመው የመጀመሪያ መድኃኒት አንድ ነው፤ አድሬናሊን። ከኩላሊታችን በላይ ያሉ ዕጢዎች ራሳቸው የሚሠሩት፣ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመታው ሆርሞን ነው። የሚገርመው እያንዳንዱን ጉዳት አንድ በአንድ መቀልበሱ ነው፤ የሰፉትን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ልብን ያበረታል፣ የተኮማተረውን የሳንባ ቱቦ ይከፍታል፣ ማስት ሴሎቹም ተጨማሪ ከረጢት እንዳይደፉ ያረጋጋቸዋል።

ታዲያ «የአለርጂ ክኒን» የምንለውስ? እሱ የሚሠራው ሂስታሚንን ብቻ በመከልከል ነው። ማሳከክን ያስታግሳል፤ የወደቀ የደም ግፊት አያነሳም፣ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ ለመሥራትም ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድበት ይችላል። 15 ደቂቃ ላለው ሰው ክኒን ውጦ መጠበቅ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ቲኬት እንደ መቁረጥ ነው። ዳማከሴውም ወተቱም እንደዚያው፤ በተለይ ጉሮሮው እያበጠ ያለ ሰው የሚጠጣ ነገር ቢሰጡት ትን ሊለው ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ምክንያቱን አስወግዱ። የማር ንብ መናደፊያዋን ቆዳ ውስጥ ትታ ትሄዳለች፣ ከረጢቱም መርዝ መግፋቱን ይቀጥላል። በጥፍርም በካርድም፣ ብቻ በፍጥነት አውጡት። ምግብ ከሆነ ይትፋው፤ ግን በግድ አታስመልሱት።

2. አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ትንፋሽ አጥሮት መተኛት ካልቻለ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ። ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጎኗ ትተኛ። የሚያስመልሰው ወይም ራሱን የሳተ ግን የሚተነፍስ ሰው በጎኑ ይተኛ። አይነሳ፣ አይራመድ።

3. ራስ ወጊ የአድሬናሊን መርፌ ከያዘ አሁኑኑ ይወጋ። ቦታው የጭኑ የውጭ ጎን፣ መሃሉ ላይ ነው፤ በሱሪው ላይም ይቻላል። አጠቃቀሙ ዕቃው ላይ ተጽፏል። «ይሻለው ይሆናል፣ ትንሽ እንይ» አትበሉ።

4. እርዳታ ጥሩ። አንዳችሁ ስትረዱ ሌላው ይደውል። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ዘመዶቻችሁ ውጭ ካሉም ንገሯቸው፦ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች 998።

5. ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለውና ሁለተኛ መርፌ ካለ ይደገም። መተንፈስ ካቆመ ደረቱን መጫን ጀምሩ።

6. ቢሻለውም ሐኪም ቤት ይሂድ። ጥቃቱ ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊነሳ ስለሚችል ሐኪሞች ለተወሰኑ ሰዓታት አቆይተው ያዩታል።

መርፌው ከሌለስ?

እውነቱን እንነጋገር። ራስ ወጊው መርፌ ውድ ነው፤ እኛ አገር በየፋርማሲው የሚገኝ ዕቃም አይደለም። አድሬናሊን ራሱ ግን ርካሽና አሮጌ መድኃኒት ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ስለዚህ ጥያቄው «ትልቁ ሆስፒታል የት ነው?» ሳይሆን «ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ የት ነው?» ነው። በመኪና ስትወስዱት የኋላ ወንበር ላይ አስተኙት። በሩ ላይ ስትደርሱ ተራ አትያዙ። «ንብ ነድፎት ነው፣ ሰውነቱ አብጦ ትንፋሹ እያጠረው ነው፣ አናፊላክሲስ ይመስላል» በሉ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለባለሙያው የግማሽ ታሪክ ያህል ናት። እሱ የአዋቂ መጠን የሆነውን ግማሽ ሚሊግራም፣ ለልጅ ደግሞ እንደ ክብደቱ አሳንሶ፣ ጭኑ ላይ ይወጋዋል። ሽርሽር ከመውጣታችሁ በፊትም መምህራችሁን «እዚያ አካባቢ ጤና ጣቢያ አለ?» ብላችሁ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር። መርፌ ከተወጋችሁ በኋላ ወዲያው ወጥታችሁ አትሩጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ። አንድ መድኃኒት ክፉኛ ከጎዳችሁ ስሙን አጽፋችሁ ያዙና በሄዳችሁበት ሁሉ ተናገሩ። በሌላ በኩል በወሬ ብቻ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ማለትም ጉዳት አለው። አሜሪካ ውስጥ አለርጂ አለባቸው ተብለው ከተመዘገቡት ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ በትክክል ሲመረመሩ መድኃኒቱን ያለ ችግር ይወስዳሉ። በተለይ ለልብ ሕመም በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉ ልጆች በፍርሃት ብቻ ቢያቆሙ ልባቸው ይጎዳል። ከማቆም በፊት ሐኪም ማማከር ነው።

«በሞቴ» ከማለታችን በፊት

የምግብ አለርጂን ብዙዎቻችን የፈረንጅ ነገር አድርገን እናየዋለን። ግን ኦቾሎኒ ቆሎ ውስጥ አለ፣ በለውዝ ሻይ መልክም ይጠጣል። ሰሊጥ እኛው በብዛት አምርተን ወደ ውጭ የምንልከው እህል ነው፤ ያው ሰሊጥ አሜሪካ ውስጥ ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በታሸገ ምግብ ላይ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው ዘጠኝ ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች አንዱ ሆኗል። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣና ስንዴም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

እኛ ቤት ደግሞ ምግብ እንቢ ማለት ከባድ ነው። አክስት ጉርሻውን ጠቅልለው «በሞቴ!» ካሉ ማን እንቢ ይላል? አለርጂ ያለበት ልጅ «አይስማማኝም» ሲል «ተቅለሰለሰ» ይባላል፤ አንዳንዱም «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ?» ብሎ ሊፈትነው ይፈልጋል። አሁን ግን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ለእሱ «ትንሽ» የሚባል መጠን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ጓደኛችሁ እንቢ ሲል ከጎኑ ቁሙና «እማማ፣ ይሄ እውነትም ይጎዳዋል» በሉለት። መርፌ ካለውም የት እንደሚያስቀምጠው ጠይቁት።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ጓደኛችሁ እጁን ይዞ ተቀምጧል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ ሦስት ሰው ሦስት ምክር እየሰጠ ነው። አሁን መልሱ አላችሁ። «ተኛ፣ አትነሳ። አንተ እግሩን ከፍ አድርግ። አንቺ 907 ደውዪ። መምህር፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት ነው?» በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ለማለት ዶክተር መሆን አያስፈልግም።